ስሌት ለብዙ ኮር ሲከፈል፦ የስታቲስቲክስ ሶፍትዌሮች ፍጥነትና አለካኩ

የስታቲስቲክስ ሶፍትዌርን ፍጥነት በዋናነት የሚወስኑት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ አንድ ኮር፣ ማለትም ራሱን ችሎ የሚያሰላ የፕሮሰሰር ክፍል፣ ስሌቱን በምን ያህል ብቃት እንደሚሠራውና ስሌቱ ለስንት ኮሮች ሊከፈል እንደሚችል። በአሁኑ ጊዜ ተማሪዎችና ተመራማሪዎች የሚይዟቸው ላፕቶፖች አራት፣ ስድስት፣ ስምንት ወይም ከዚያ በላይ ኮር አላቸው። ያም ሆኖ ረጅም ትንተና ሲጀመር አንዱ ኮር ብቻ እየደከመ ሌሎቹ ሥራ ፈትተው መቀመጣቸው የተለመደ ነው። የኮር መብዛት ብቻውን ስሌትን አያፋጥንም፤ ሶፍትዌሩ ሥራውን ቆራርጦ ለየኮሩ እንዲያድል ሆኖ መጻፍ አለበት። አንድ ፕሮግራም ጎን ለጎን የሚሄዱ የሥራ መስመሮችን ሲከፍት እያንዳንዱ መስመር ትሬድ ይባላል፤ አሠራሩም ማልቲትሬዲንግ በመባል ይታወቃል።

ይህ ጉዳይ ከሚዛን ተፈሪ ተነስቶ በሸኮ አድርጎ ቴፒ በሚደርሰው የቡና ምድርም የሥራ ጥያቄ ነው። በ1999 ዓ.ም. የተመሠረተው ሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ስታቲስቲክስ የሚያስተምረው በቴፒ ግቢው ነው። እዚያው ቴፒ የሚገኘው የግብርና ምርምር ማዕከል ደግሞ ቡናን፣ እንዲሁም ኮረሪማን፣ ቁንዶ በርበሬንና እርድን የመሳሰሉ ቅመሞችን ያጠናል። በሸኮ ወረዳ ያለው የብርሃነ ኮንቲር ደን ከሀረና፣ ከቦንጋና ከያዩ ጋር የጫካ ቡና በስፋት ከተጠናባቸው አራት ደኖች አንዱ ነው። እንዲህ ካለ አካባቢ የሚሰበሰበው መረጃ በመጠንም በዓይነትም እጅግ ይለያያል። ብዙ ኮር የሚጠቅመው ለየትኛው መረጃ እንደሆነ አስቀድሞ ማወቅ ለውድ ኮምፒውተር የሚወጣን ገንዘብ ከብክነት ያድናል።

ፕሮሰሰር ሠሪዎች ወደ ብዙ ኮር የዞሩት በምርጫ ሳይሆን ተገደው ነው። ለበርካታ ዓመታት የአንድ ፕሮሰሰር የምት ፍጥነት ያለማቋረጥ ይጨምር ስለነበር፣ አዲስ ኮምፒውተር የገዛ ሰው ኮዱን ሳይነካ ስሌቱ ይፈጥንለት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2004 መጨረሻ የኢንቴል ፔንቲየም 4 ፕሮሰሰር 3.8 ጊጋኸርዝ ላይ ሲደርስ ግን ሙቀቱና የሚበላው ኤሌክትሪክ ከዚያ በላይ እንዳይሄድ አገደው። ኩባንያው ሊከተል የነበረውን ፕሮሰሰር በዚያው ዓመት ሰረዘ። አይቢኤም በ2001 በትልልቅ ኮምፒውተሮች ላይ የጀመረው ሁለት ኮርን በአንድ ቺፕ የማኖር ዘዴ በ2005 ወደ ተራው ሰው ኮምፒውተር ገባ። ከዚያ ወዲህ የአንዱ ኮር ዕድገት አዝግሟል፤ የጨመረው ቁጥራቸው ነው። ስለዚህ ለአንድ ኮር የተጻፈ የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ባለ ስምንት ኮር ማሽን ላይ ሲጫን ስምንት እጥፍ ሊፈጥን አይችልም።

የዚህን ገደብ ልክ እ.ኤ.አ. በ1967 ያስቀመጠው የኮምፒውተር መሐንዲሱ ጂን አምዳል ነው። ነገሩ በቡና ለቀማ ይገባል። በአንድ ማሳ ላይ ሃያ ለቃሚዎች ቢሰማሩ ቀዩ ቡና በአንድ ሰው ከሚወስደው ጊዜ በጣም ባነሰ ይለቀማል። ማታ ግን ሁሉም ጆንያቸውን ይዘው በአንዲት ሚዛን ፊት ይሰለፋሉ። ለቃሚው አርባ ቢሆንም ሚዛኗ ያው አንድ ናት፤ የሰልፉ ጊዜ አያጥርም። በስሌትም እንዲሁ ሊከፈል የሚችል ክፍልና በተራ ብቻ የሚሠራ ክፍል አለ። ከአንድ ትንተና ውስጥ 90 በመቶው ሊከፈል የሚችል፣ 10 በመቶው የማይከፈል ነው እንበል። በአራት ኮር ሥራው የሚፈጥነው 3.1 ጊዜ ያህል ነው፤ በስምንት ኮር 4.7፣ በአሥራ ስድስት ኮር 6.4 ይሆናል። ሺህ ኮር ቢገዛ እንኳ ፍጥነቱ ከአሥር እጥፍ አያልፍም፤ የማይከፈለው አንድ አሥረኛ ጊዜውን ሳይቀንስ ይቀራልና። የሚከፈለው ክፍል ግማሽ ብቻ ከሆነ ደግሞ የቱንም ያህል ኮር ቢጨመር ጣሪያው ሁለት እጥፍ ነው።

የስታቲስቲክስ ሶፍትዌሮች ይህን ገደብ የሚጋፈጡበት መንገድ ከታሪካቸው ጋር የተያያዘ ነው። አብዛኞቹ የተወለዱት ኮምፒውተር አንድ ኮር ብቻ በነበረው ዘመን ሲሆን፣ አንዳንዶቹን የወለዳቸው ራሱ የእርሻ ሙከራ ነው። ሳስ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በኖርዝ ካሮላይና ስቴት ዩኒቨርሲቲ የግብርና መረጃ ለመተንተን ተጀምሮ በ1976 ኩባንያ ሆነ። ጄንስታት የወጣው በእንግሊዝ ሮታምስቴድ ከሚገኘው የእርሻ ምርምር ጣቢያ ነው። ኤስፒኤስኤስ በ1968 ለማኅበራዊ ጥናት ተሠራ፤ ስታታ በ1985 ተከተለ። የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎችና የምርምር ማዕከላት ተመራማሪዎች ሲፈራረቁ የኖሩት በእነዚሁ ላይ ነው። በኒውዚላንድ ኦክላንድ ዩኒቨርሲቲ ሮስ ኢሃካና ሮበርት ጀንትልማን የጀመሩትና የመጀመሪያው ሙሉ ዕትሙ በ2000 የወጣው አር ደግሞ ነፃ በመሆኑ ዛሬ በስፋት ይሠራበታል።

ሳስ በዘጠነኛው ዕትሙ እንደ መደርደር፣ አማካይ ማውጣትና ሪግሬሽን ያሉትን ከባድ ትዕዛዞች ለብዙ ትሬድ አዘጋጀ። ስታታ ሌላ መንገድ መረጠ፤ ኤምፒ የተባለ የተለየ ዕትም አውጥቶ ፈቃዱን በኮር ቁጥር ይሸጣል፤ ሶፍትዌሩ እስከ 64 ኮር ይጠቀማል። ኩባንያው እያንዳንዱ ትዕዛዝ በስንት ኮር ስንት እጥፍ እንደሚፈጥን የሚያሳይ ዘገባ ማሳተሙ ሊመሰገን ይገባል። ከዘገባው እንደሚታየው አንዳንዱ ትዕዛዝ ከኮሩ ቁጥር ጋር እኩል ሊፈጥን ይቀርባል፤ አንዳንዱ ደግሞ ከነጭራሹ ንቅንቅ አይልም። ኤስፒኤስኤስም የተወሰኑ ትንተናዎቹን ብቻ ለብዙ ትሬድ ከፍቷል።

የአር ነገር ሰፋ ያለ ማብራሪያ ይፈልጋል፤ ምክንያቱም አንዱ ሰው አር በጣም ቀርፋፋ ነው ሲል፣ ሌላው በጣም ፈጣን ነው ሲል ሁለቱም ያዩትን ነው የሚናገሩት። የቋንቋው ልብ አንድ ትሬድ ብቻ ነው። ብዙ ኮር የሚገባበት በር ግን ቢያንስ ሦስት ነው። የመጀመሪያው የማትሪክስ ስሌት የሚሠራው ብላስ የተባለው የሒሳብ ላይብረሪ ነው። ከአር ጋር በመደበኛነት የሚመጣው ብላስ ቀላልና አንድ ኮር የሚጠቀም ነው፤ በእሱ ምትክ ኦፕንብላስ ወይም የኢንቴል ኤምኬኤል ሲገባ ትልልቅ ማትሪክሶችን ማባዛት ብዙ እጥፍ ይፈጥናል። የሚገርመው የጭማሪው ትልቅ ክፍል ከትሬድ ብዛት የሚመጣ አለመሆኑ ነው። እነዚህ ላይብረሪዎች ቁጥሮቹን ለፕሮሰሰሩ በቀረበው ትንሽ ማኅደረ ትውስታ ልክ እየቆረሱ ስለሚያቀርቡ፣ በአንድ ኮርም ቢሆን መደበኛውን በሩቅ ይቀድሙታል። ሁለተኛው በር እንደ ዳታቴብል ያሉ ፓኬጆች ናቸው፤ ፋይል ማንበብን፣ መደርደርንና በቡድን መደመርን ራሳቸው ለትሬዶች ያከፋፍላሉ። ዳታቴብል ሳይነገረው የሚወስደው ኮምፒውተሩ ከሚያሳያቸው ኮሮች ግማሹን ነው። ሦስተኛው እ.ኤ.አ. በ2011 የአር አካል የሆነው ፓራለል ፓኬጅ ነው፤ ይህ ትሬድ አይከፍትም፤ ብዙ የአር ቅጂዎችን አስነስቶ ለየቅጂው ሥራ ይሰጣል።

ፓይተንም ተመሳሳይ ታሪክ አለው። በአንድ ጊዜ አንድ ትሬድ ብቻ የፓይተን ኮድ እንዲያስኬድ የሚያስገድድ ቁልፍ በውስጡ ነበር፤ አሁንም በመደበኛው ዕትም አለ። በጥቅምት 2024 እ.ኤ.አ. የወጣው 3.13 ዕትም ያለ ቁልፉ የሚሠራ የሙከራ ቅጂ ይዞ መጣ። እስከዚያ ድረስም ቢሆን ከባዱን ስሌት የሚሠሩት ላይብረሪዎች ከቁልፉ ውጭ በሌላ ቋንቋ ስለተጻፉ ኮሮቹን ሲጠቀሙ ቆይተዋል። ጁሊያ የተባለው ቋንቋ ግን ከእነዚህ ሁሉ ዘግይቶ በ2012 በመምጣቱ ትሬድን የቋንቋው አካል ለማድረግ ዕድል አግኝቷል።

እንግዲህ በዚህ ሁሉ ላይ የቡናውን ምድር መረጃ ማስቀመጥ ይቻላል። በማሳ የሚካሄድ የቡና ዝርያ ሙከራን እንውሰድ። ሃያ ዝርያዎች በሦስት ብሎክ በዕጣ ተደልድለው፣ ምርታቸው በሁለት ቦታ ለአራት ዓመት ቢመዘገብ መረጃው 480 መስመር ነው። ቡና ተተክሎ ምርት እስኪሰጥ ሦስት ዓመት ገደማ ስለሚያስጠብቅ ይህን መረጃ ለመሰብሰብ ሰባት ዓመት ያህል ይፈጃል፤ ስሌቱ ግን በየትኛውም ሶፍትዌር፣ በአንድ ኮርም ቢሆን፣ በዓይን ጥቅሻ ያልቃል። እዚህ ላይ ትሬድ መክፈት ጭራሽ ሊያዘገይ ይችላል፤ ትሬዶችን ማስነሳት፣ ሥራ ማደልና ውጤት መሰብሰብ የራሱ ጊዜ አለውና። ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ ሶፍትዌር የሚመረጠው በፍጥነቱ ሳይሆን በሚሰጠው የትንተና ዘዴና ተጠቃሚው ባለው ልምድ ነው።

የእነዚሁ 480 መስመሮች ውጤት ምን ያህል አስተማማኝ እንደሆነ በቡትስትራፕ ይፈተሽ ሲባል ሁኔታው ይለወጣል። ብራድሊ ኤፍሮን እ.ኤ.አ. በ1979 ያስተዋወቀው ይህ ዘዴ መረጃውን በዕጣ ደጋግሞ እየመለመለ ትንተናውን በሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ ይሠራል። አንዱ ዙር ግማሽ ሰከንድ ቢወስድ 10,000 ዙር 5,000 ሰከንድ፣ ማለትም 83 ደቂቃ ይሆናል። ዙሮቹ አንዱ የሌላውን ውጤት ስለማይጠብቁ ለአራት ኮር ሲከፈሉ ጊዜው ወደ 21 ደቂቃ ይወርዳል፤ ማስነሻውና መሰብሰቢያው ጥቂት ቢጨምርበት ነው። ለአምዳል ገደብ ከሞላ ጎደል የማይገዛ፣ ብዙ ኮር ሙሉ ዋጋውን የሚያወጣበት ሥራ ቢኖር ይኸው ነው።

የጫካ ቡና ዘረመል ጥናት ደግሞ ሌላ መልክ አለው። የአረቢካ ቡና 44 ክሮሞሶሞች፣ ማለትም 22 ጥንዶች አሉት። ከደን ከተመረጡ 500 ዛፎች 50,000 የዘረመል ምልክቶች ቢነበቡ፣ የዛፎቹን ዝምድና የሚያሳየውን ማትሪክስ ለመሥራት ወደ 12.5 ቢሊዮን ጊዜ ማባዛትና መደመር ያስፈልጋል። ይህ ጥሩ ብላስ የሚወደው ሥራ ነው፤ ላይብረሪውን ከመቀየር በቀር ተመራማሪው አንዲት የኮድ መስመር መለወጥ አይጠበቅበትም። ምልክቶቹን አንድ በአንድ ከምርት ጋር የማዛመዱ ሥራ ደግሞ በክሮሞሶም ሊቆራረጥ ይችላል። ነገር ግን ክሮሞሶሞች እኩል አይደሉም። ሥራው ለ22 ኮር በአንዴ ቢታደል አጭሩን የያዘው ቀድሞ ጨርሶ ረጅሙን ይጠብቃል። ሥራውን ከኮሮቹ ቁጥር ወደሚበልጡ አነስተኛ ቁርጥራጮች ከፍሎ፣ የጨረሰው ኮር ቀጣዩን እንዲያነሳ ማድረግ ይሻላል። እ.ኤ.አ. በ2021 ከወጡት የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ወዲህ ይህ ይበልጥ አስፈላጊ ሆኗል፤ በአንድ ቺፕ ላይ ፈጣንና ዝግተኛ ኮሮች አብረው ስለሚገኙ እኩል ሥራ መስጠት ፈጣኖቹን ሥራ ያስፈታል።

ትሬድ የማያድነው የትንተና ዓይነትም አለ። በማርኮቭ ሰንሰለት በሚሠሩ የቤይዝ ዘዴዎች እያንዳንዱ እርምጃ የሚጀምረው ካለፈው እርምጃ ነው። አራት ሰንሰለቶችን በአራት ኮር ጎን ለጎን ማስኬድ ይቻላል፤ አንዱን ሰንሰለት ግን ለአራት ቆርጦ መስጠት አይቻልም። ዝርያን፣ ቦታንና ዓመትን በአንድ ላይ የሚያዩት ቅይጥ ሞዴሎችም መልሱን በድግግሞሽ እየተጠጉ ስለሚያገኙት ድግግሞሹ በተራ መሄድ አለበት። በእነዚህ ላይ ከስምንት ዝግተኛ ኮሮች አራት ፈጣን ኮሮች ይመረጣሉ።

በመረጃ ብዛት ረገድ የአገሪቱ ትልቁ ምሳሌ የሕዝብና ቤት ቆጠራ ነው። በ1976 ዓ.ም. የመጀመሪያው ቆጠራ 42.6 ሚሊዮን ገደማ፣ በ1987ቱ 53.5 ሚሊዮን ገደማ፣ በ1999 ዓ.ም. ከ73 ሚሊዮን በላይ ሰው መኖሩ ተገልጿል። እንዲህ ላለ መረጃ ስሌቱ ቀላል ነው፤ መቁጠርና በወረዳ መደመር። ጊዜ የሚበላው ፋይሉን ከዲስክ ማንበቡ ነው። ስምንት ትሬድ ከአንድ ዘገምተኛ ሃርድ ዲስክ ሲያነብ ስምንቱም ይጠብቃሉ። በዚህ ሥራ ሃርድ ዲስክን ፈጣን በሆነው ኤስኤስዲ መተካት ከማንኛውም የሶፍትዌር ለውጥ ሊበልጥ ይችላል።

ሶፍትዌሮችን በፍጥነት ለማወዳደር የሚነሳ ሰው ይህን ሁሉ ከግምት ካላስገባ ውጤቱ አሳሳች ይሆናል። ይህኛው ከዚያኛው በአሥር እጥፍ ይፈጥናል የሚል ቁጥር፣ ለየትኛው ሥራ፣ በምን ያህል መረጃ፣ በስንት ኮር እንደተለካ ካልተነገረ ዋጋ የለውም። በመጀመሪያ ሁለቱም ያንኑ ስሌት መሥራታቸው መረጋገጥ አለበት። አንዱ መልሱን በቀመር ሲያገኝ ሌላው በድግግሞሽ የሚጠጋው ከሆነ፣ ወይም አንዱ ቶሎ ረክቶ የሚያቆም ከሆነ፣ የተለካው የሶፍትዌር ፍጥነት ሳይሆን የዘዴ ልዩነት ነው። ቀጥሎ የትኛው ሰዓት እንደሚነበብ መለየት ያሻል። አር ጊዜ ሲለካ የፕሮሰሰሩን የሥራ ጊዜና በግድግዳ ሰዓት ያለፈውን ጊዜ ለየብቻ ያሳያል። አራት ትሬድ ለ12 ሰከንድ ከሠሩ የፕሮሰሰሩ ድምር 48 ሰከንድ ሊጠጋ ይችላል። ተጠቃሚው የጠበቀው 12ቱን ነው፤ 48ቱን አንብቦ ብዙ ትሬድ አዘገየ ማለት ስሕተት ነው።

አንድ ጊዜ መለካትም አይበቃም። የመጀመሪያው ዙር ፋይሉን ከዲስክ ሲያነብ ሁለተኛው ከራም ያገኘዋል፤ ጁሊያ ደግሞ በመጀመሪያው ጥሪ ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ ሲቀይር ጊዜ ይወስዳል። ደግሞ ደጋግሞ ለክቶ መካከለኛውን መውሰድ ይሻላል። በላፕቶፕ ላይ ሌላም ነገር አለ፤ ሁሉም ኮሮች አብረው ሲሠሩ ፕሮሰሰሩ ይግልና ራሱ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ቆላ ቀመስ በሆነው በቴፒ ሙቀት፣ ያውም በባትሪ፣ የተለካ ቁጥር በቀዝቃዛ ክፍል ካለ ሰርቨር ጋር ሊወዳደር አይገባም። አራት ኮር ኖሮት ስምንት የሚያሳይ ፕሮሰሰርም አለ፤ ያ እያንዳንዱ ኮር ሁለት ትሬድ ስለሚቀበል ነው እንጂ የሒሳብ አቅሙ እጥፍ ሆኖ አይደለም። ለማትሪክስ ስሌት ከአራተኛው በኋላ ያሉት ትሬዶች የሚጨምሩት ጥቂት ነው።

ከሁሉ የሚደጋገመው ችግር ክፍፍል በክፍፍል ላይ መደራረቡ ነው። ተመራማሪው በፓራለል ፓኬጅ አራት የአር ቅጂዎችን ያስነሳል፤ እያንዳንዱ ቅጂ የሚጠራው ብላስ ደግሞ በራሱ አራት ትሬድ ይከፍታል። አሥራ ስድስት ትሬዶች በአራት ኮር ላይ ሲሻሙ ሥራው ከአንድ ኮር ሊብስ ይችላል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ቅጂዎቹ ሲበዙ ብላስን በአንድ ትሬድ መወሰን።

የራም ጉዳይም እንዲሁ ሊታለፍ አይገባም። በሊኑክስና በማክ ላይ የአር ቅጂዎች መረጃውን ካልለወጡት በስተቀር አንዱን ሊጋሩት ይችላሉ። በዊንዶውስ ግን ይህ ስለማይቻል ለየቅጂው መረጃው ይገለበጣል። 1.5 ጊጋባይት የሆነ መረጃ ለአራት ቅጂ ሲገለበጥ ከዋናው ጋር 7.5 ጊጋባይት ይሆናል። ባለ 8 ጊጋባይት ላፕቶፕ ላይ ለዊንዶውስ ራሱ የሚተርፍ የለም፤ ኮምፒውተሩ ዲስክን እንደ ራም መጠቀም ይጀምርና ሁሉም ነገር ይጎተታል። የሚያስፈልጉትን ዓምዶች ብቻ መርጦ ማስተላለፍ ብዙውን ጊዜ ይህን ያስቀራል።

የተከፋፈለ ስሌት ውጤቱም ይታሰብበት። ኮምፒውተር የነጥብ ቁጥሮችን ሲደምር በየደረጃው ስለሚያጠጋጋ የመደመሩ ቅደም ተከተል ሲለወጥ የመጨረሻዎቹ አሃዞች ሊለያዩ ይችላሉ። በአራት ትሬድና በስምንት ትሬድ የተገኙ ውጤቶች በአሥራ አራተኛው አሃዝ ላይ ቢለያዩ ስሕተት አይደለም፤ በሦስተኛው ላይ ቢለያዩ ግን ሊመረመር ይገባል። በዕጣ ቁጥር የሚሠሩ ዘዴዎች የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። አራት ቅጂዎች በአንድ መነሻ ቁጥር ከተነሱ አራቱም ያንኑ ዕጣ ያወጣሉ፤ 10,000 ዙር የተባለው በእውነት 2,500 ብቻ ይሆናል። ለዚህ የአር ፓራለል ፓኬጅ በፒየር ለኩየር ዘዴ ላይ የተመሠረተ፣ ለየክፍሉ ራሱን የቻለ የዕጣ ቁጥር ተከታታይ የሚሰጥ መሣሪያ አለው።

ሥራን መቆራረጥ ከፍጥነት ሌላ፣ መብራት በሚቋረጥበት ቦታ ሌላ ጥቅም ይሰጣል። 10,000ው የቡትስትራፕ ዙር ለመቶ ቁራጭ ተከፍሎ፣ የእያንዳንዱ ቁራጭ ውጤት እንዳለቀ በራሱ ፋይል ቢቀመጥ፣ መብራት ሲጠፋ የሚባክነው በዚያ ሰዓት በኮሮቹ ላይ የነበረው ብቻ ነው። መብራት ሲመለስ ፕሮግራሙ የተቀመጡትን ፋይሎች አይቶ ካልተሠሩት ይቀጥላል፤ የዕጣ ቁጥሮቹ ለየቁራጩ አስቀድመው ከተመደቡም ውጤቱ ሥራው ሳይቋረጥ ቢያልቅ ከሚገኘው ጋር አንድ ይሆናል።